የእትዬ መቀስ ታብሌት

እትዬ መቀስ ታብሌት መግዛት አማረኝ ስትል፣ ለሰው የምትሰጠው ምክንያት "ለዕለት ተዕለት ነገር ይጠቅማል" የሚል ነበር። እውነቱን ግን ሆዷ ያውቀዋል፤ የፈለገችው ለበቀል ነው።

መቀስ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣላት፤ ግማሹ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ግማሹ ደግሞ ምላሷ ከጨርቅ ይልቅ ሰው ስለሚቆርጥ። ሱቋ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአንዱ ጥግ የስፌት መኪናዋ፣ በሌላው ካውያዋና የጨርቅ ክምሯ፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ የባሏ ጠረጴዛ አለ። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ እንደ ጎበጠ ይውላል፤ ሚስቱ ስትናገርም ቀና አይልም። ትዳራቸው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው የሚሉ አሉ።

በቅርቡ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታቸው፣ ሌላ የልብስ ስፌት ቤት ተከፈተ። የከፈተችው የማታውቃት ሰው ብትሆን ለእትዬ መቀስ ያን ያህል ባልከፋት። የከፈተችው ግን ዝምተኛዋ ናት።

ዝምተኛዋ በእትዬ መቀስ ቤት ለዓመታት የሠራች ልጅ ናት። ስትመጣ መርፌ አያያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። እትዬ መቀስ እየሰደበች አስተማረቻት፤ እሷም እየተሰደበች ተማረች። አንድ ቀን መልስ ሰጥታ አታውቅም። በመጨረሻ ገደማ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ የሰፋችውን አንድ ቀሚስ ይዛ መጥታ ነበር፤ ኮሌታው ላይ ብዙ የተጨነቀችበት። እትዬ መቀስ ደንበኞች በተሰበሰቡበት ቀሚሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ "ይኼ ኮሌታ ነው ወይስ ላም ያመነዠከችው ጎመን?" ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ልጅቷ ቀሚሷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ብዙም ሳትቆይ ሥራ ለቀቀች።

እትዬ መቀስ ያንን ቀሚስ ረስታዋለች። ሰው የነከሰውን አያስታውስም፤ የተነከሰውን ነው። እሷ የማትረሳው ፎቶዎቹን ነው። ልብስ ባለቀ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ፎቶ አንሺው" የምትለው ራሷ ነበረች፤ የሷ ስልክ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ ነውና። እናም የስንት ዓመት ልፋቷ በልጅቷ ስልክ ውስጥ ሆኖ መንገድ ተሻገረ። ዛሬ ዝምተኛዋ ትሪ የሚያክል ታብሌት ገዝታ፣ ያንን ሁሉ ፎቶ ለገባ ደንበኛ ሁሉ እያገላበጠች ታሳያለች። ደንበኛውም የእትዬ መቀስን እጅ አይቶ ማዶ ይለካል።

"ዓይን አውጣ! የገዛ እጄን ለኔው ትቸረችርብኝ?" ትላለች እትዬ መቀስ፣ ካውያውን ጨርቁ ላይ እየደበደበች። አንጀቷ አሮ ሊያልቅ ነው።

አንድ ጠዋት ለባሏ ተናገረች።

"ታብሌት ልገዛ ነው።"

"ለምንሽ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ለብዙ ነገር ነዋ! የልብስ ሞዴል አይበታለሁ። ማታ ዜና እናይበታለን። እህቴ ስትደውል ደግሞ ፊቷን በወጉ አያለሁ፤ በዚህ ስንጥቅ ስልክ አፍንጫዋ ለሁለት ተከፍሎ ነው የማያት። የምግብ አሠራርም ያስተምራል አሉ።"

"አሁን ምግብ መሥራት ጠፍቶሽ ነው?"

"አንተን ያማከርኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!"

"አማከርሽኝ፣ ልንገርሽ። ታብሌት ማለት ኪስ የማይገባ ስልክ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከእጅሽ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ትኩስ ድስት ታስቀምጪበታለሽ።" አንዲት ብሎን አጠበቀ። "እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፤ የምትገዢው ለቤት ነው ለማዶ?"

"ለማዶ!" አለች፤ መደበቁ ሰለቻት። "ከሷ የሚበልጥ ገዝቼ እዚህ መስኮት ላይ አቆመዋለሁ። ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ ልብስ! ሰፈሩ ሁሉ ሌባዋን ይወቅልኝ።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።"

"ማን ጸሎት አለህ?"

"ይሁን። ፎቶዎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"መስኮት ላይ የምታቆሚያቸው ናቸዋ። ያሉት እሷ ጋ አይደለም እንዴ?"

እትዬ መቀስ ያነሣችውን ካውያ መልሳ አስቀመጠች። ሲናደዱ ማሰብ እንዲህ ነው፤ ድስት ሳይኖር ክዳን መግዛት። ባሏ አጉሊ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። እሷ ግን መነጽሩን አፍጥጣ ታየው ጀመር። ጤፍ የምታክል ብሎን በዚያ ነገር ስትታይ ጣት ታክላለች።

ወዲያው ቀዩ ክር ትዝ አላት።

እትዬ መቀስ ከምትሰፋው ልብስ ሁሉ የታችኛውን ቁልፍ የምትተክለው በቀይ ክር ነው። ልብሱ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ የመጨረሻዋ ቁልፍ ክሯ ቀይ ናት፤ ያቺን ቁልፍ ደግሞ ከሷ በቀር ሌላ እጅ አይነካትም። ያስለመደቻት ስፌት ያስተማረቻት እናቷ ነበረች፤ "ሰው ሥራሽን ቢክድሽ ክሩ ይመሰክርልሻል" እያለች። ካልነገሩት በቀር ልብ የሚላት የለም። በስልክማ ጭራሽ አትታይም። ትሪ በሚያክል ታብሌት ላይ፣ በሁለት ጣት ጎትቶ ያጎላት ሰው ግን ቁልጭ አድርጎ ያያታል።

"ታብሌቱ ቀርቶብኛል" አለች ለባሏ። "የሷው ይበቃኛል።"

የምትጠብቀው ቀን ሳይርቅ መጣ። አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ልጇን ልትድር ነው፤ ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ ቀሚስ ታሰፋለች። የእትዬ መቀስ የድሮ ደንበኛ ናት። ያን ዕለት ግን ቀጥ ብላ ማዶ ገባች። እትዬ መቀስ ካውያውን ነቅላ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱን ተሻገረች።

የዝምተኛዋ ቤት ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ርዕሰ መምህርቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎቶ ታገላብጣለች። ዝምተኛዋ የድሮ አሠሪዋን ስታይ ብድግ አለች።

"እትዬ፣ ይግቡ።"

"ገብቻለሁ" አለች እትዬ መቀስ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ዞራ፣ ማር በተቀባ አፏ፣ "እመቤቴ፣ ቀብድ ሳይሰጡ አንዲት ነገር ላሳይዎት። ይቺን ቁልፍ አዩአት?" አለች። ሁለት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ከፈት አደረገች። ቁልፏ አድጋ አድጋ የቡና ሲኒ አከለች። መሐሏ ላይ ክሩ ደም መስሎ ቀልቷል።

"ይኼን ልብስ የሰፋሽው አንቺ ነሽ?" አለቻት ልጅቷን።

"አይደለሁም" አለች ዝምተኛዋ።

ሌላ ፎቶ። ሌላ ቁልፍ። ቀይ።

"ይኼንንስ?"

"አይደለሁም። የእትዬ ነው።"

የእትዬ መቀስ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ደግማ አጎላች፤ ደግማ ጠየቀች፤ የልጅቷ ጆሮ እስኪቀላ ድረስ እያንዳንዷን ቁልፍ እንደ ምስክር አቆመችባት። ርዕሰ መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች።

"በኛ ትምህርት ቤት ይኼ ኩረጃ ነው የሚባለው" አለች፤ "ያሳዝናል፣ ልጄ።" ከዚያ ታብሌቱ ላይ አንድ ፎቶ አወጣች። "ሙሽራዋ ቀደም ብላ መጥታ አይታ የወደደችው ግን ይኼን ነው። ሌላ አላይም ብላኛለች።"

እትዬ መቀስ ጎንበስ ብላ አየችው። ነጭ ቀሚስ ነው። ኮሌታው እጥፍ በእጥፍ እየተደራረበ አንገቱን ዙሪያውን ከቦ ወጥቷል፤ ስፌቱ የት እንደጀመረ አይታይም፤ ምን ደግፎ እንዳቆመውም አይታወቅም። ዕድሜ ልኳን ስትሰፋ እንዲህ ያለ አላየችም። ቅናት ያዛት። ታችኛዋን ቁልፍ አጎላቻት። ክሩ ነጭ ነው።

ያኔ ጎመኑ ትዝ አላት።

"ይኼስ የእርስዎ ነው?" አለች ርዕሰ መምህርቷ።

ዝምተኛዋ ቀና ብላ የድሮ አሠሪዋን ዓይን ለዓይን አየቻት። እንዲህ አይታት አታውቅም። አይደለም ማለት ይቻል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ግን እስከዚያ ድረስ አሸንፎ መጥቶ፣ በልጅቷ ደጅ፣ በታብሌቷ ፊት፣ ከሁሉ የሚያምረው የልጅቷ ነው ብሎ መመስከር ለእትዬ መቀስ ሞት ነው።

"የኔ ነው" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

"ክሩ ግን ነጭ ነው።"

"ቀዩ አልቆብኝ ነበር።"

እትዬ መቀስ ጩኸት ጠበቀች፤ ለጩኸት የሚሆን መልስም አዘጋጅታ ነበር። ዝምተኛዋ ግን ፈገግ አለች።

"እትዬ የኔ ነው ካሉ የሳቸው ነው። ፎቶውን ልላክልዎት፣ እትዬ? ሲሰፉት ማየት ያስፈልግዎታል።"

ርዕሰ መምህርቷ ቀብዱን እዚያው ለእትዬ መቀስ ቆጠረችላት። "የሙሽራዋም የሚዜዎቹም በዚሁ ኮሌታ ይሁን። አደራ፣ ልክ እንደዚሁ!"

እትዬ መቀስ መንገዱን ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። ለባሏ አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ የልጅቷን ጆሮ መቅላት ሁለት ጊዜ ደገመችለት። ባሏ ያን ዕለት ቀና አለ።

"ኮሌታውን ትችይዋለሽ?"

"ኧረ ባክህ! በኮሌታ ያረጀሁ ሴት ነኝ!"

የመጀመሪያው ኮሌታ ትከሻ ላይ ተኛ። ሁለተኛውን በስታርች አደረቀችው፤ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ አገጭ የሚወጋ ሆነ። ሦስተኛው እርጥብ ፎጣ መሰለ። ፎቶውን በስልኳ ልታየው ስትል ስንጥቁ በኮሌታው መሐል ያልፋል። በመጨረሻ ከቀብዱ ላይ አንስታ ታብሌት ገዛች።

ከዚያ ወዲያ ታብሌቱ ከእጇ አልወጣም። ጠዋት ታየዋለች፤ ምሳ እየበላች ታየዋለች። ዜናም አላየችበትም፣ እህቷም ብትደውል አላነሳችም። በሁለት ጣቷ እየጎተተች አጎላችው፤ እጥፉ ቀረበ፣ ጨርቁ ቀረበ፤ ስፌቱ አሁን ሊታይ ነው ስትል ፎቶው ደብዝዞ ትናንሽ አራት ማዕዘን ሆነ። የባሏን አጉሊ መነጽር ነጥቃ ስክሪኑ ላይ ተደፋች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ እንጂ አንዲት ክር የለችም።

"በየቀኑ እጠቀምበታለሁ ብለሽ ነበር፤ አልዋሸሽም" አለ ባሏ።

አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

ርዕሰ መምህርቷ ደወለች። ሙሽራዋ ነገ ጠዋት ለልክ ትመጣለች፤ ሚዜዎቹም አብረው ናቸው፤ ሁሉም ኮሌታውን ለማየት ቸኩለዋል። እትዬ መቀስ "ይምጡ" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። ነገ እነዚያ ሁሉ ሴቶች በዚህች ክፍል ውስጥ ቆመው ኮሌታውን በጣታቸው ሲያነሡት ታያት። የዕድሜ ልክ ስሟን በአንድ ጠዋት ሳቅ ሊቆርጡት ነው።

ታብሌቱን በብብቷ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ጸሐይ ገና አልገባችም፤ ዝምተኛዋ በር ላይ ወንበር አውጥታ እጅጌ ትጠልፋለች። ስታያት ብድግ አለች፤ ክብሯን አልነፈገቻትም።

"እትዬ፣ ይግቡ።"

"አልገባም። ይኼ ኮሌታ..." አለች እትዬ መቀስ፤ ታብሌቱን ዘረጋችላት። ልመና አታውቅበትም። "ይኼ ኮሌታ እንዴት ነው የቆመው?"

ዝምተኛዋ ታብሌቱን ተቀበለች። ሁለት ጣቷን አሳርፋ ፎቶውን አጎላችው፤ የማታውቀው ነገር ይመስል አገላብጣ አገላብጣ አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ መለሰችላት።

"ይኼማ ላም ያመነዠከችው ጎመን ነው፣ እትዬ" አለች። "ላሟን ይጠይቋት።"

ተቀምጣም እጅጌዋን መጥለፍ ቀጠለች።