መንገድ የዘጋው ሳሞ

በዚያ ዓመት ዝናቡ እህሉ ሳያፈራ ቀረ። ማሽላው እንደቆመ ደረቀ። ከሰሜን በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ድስታቸውን አህያ ላይ ጭነው መጡ፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ገባ፣ የሌለው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰፈረ። ዘይት ተወደደ። ሽንኩርት ተወደደ። መብራት ቀን ቀን ይጠፋ ነበር። በዚህ ላይ አሮጌው ገበያ ተዘጋና ነጋዴው ከከተማው ውጭ ወደ ባዶ ሜዳ ተወሰደ። ከዚያ የበረሃው ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ። በዚያ ነፋስ ብዙ ሽማግሌዎች ሞቱ። ራስማኔ ዞንጎም ሞተ፤ ነፋሱ ነው የገደለው የሚል ግን በቤቱ አልነበረም።

"ያ ሰውዬ እዚህ ግቢ እግሩን ካስገባ፣" አለ ልጁ ሱማኢላ የቃሬዛውን ገመድ እያጠበቀ፣ "አባቴን አስቀምጬ መጀመሪያ እሱን ነው የምቀብረው።"

"አፍህን ዝጋ፣" አለችው የሟቹ ታላቅ እህት ቲፖኮ። "ሞሲ ያለ ሳሞ አይቀበርም። ወንድሜ እንደ መንገደኛ ሊወጣ ነው?"

"ሳሞ መች ጠፋ? ሌላ ይምጣ።"

"ሌላው ሳሞ ነው ዕድሜ ልኩን አባትህን ሲሰድብ የኖረው?"

ሱማኢላ ወደ እህቱ ወደ ራኪዬታ አየ። ራኪዬታ ለእንግዳ የሚቀርበውን የማሽላ ዱቄት ውሃ ትበጠብጥ ነበር። ቀና አላለችም።

ሞሲና ሳሞ የሚባሉት ሁለቱ ነገዶች ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመድ ናቸው። አንዱ ሌላውን አሽከሬ ይለዋል፣ ሌባ ይለዋል፣ የውሻ ጭንቅላት በሊታ ይለዋል፤ የሚቆጣ ነውረኛ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ለቅሶው ላይ ደርሶ ሬሳውን ይሰድባል፣ ቃሬዛው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይጋደማል፣ ካሳዬን ካልሰጣችሁኝ አልነሳም ይላል። ሐዘንተኛው እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። የራስማኔ ሳሞ ላሲና ቶኤ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር።

ራስማኔ ብስክሌትና ሞተር ይጠግን ነበር። ራኪዬታ ከሱቁ ፊት በሶላር ስልክ ትሞላለች፣ ካርድ ትሸጣለች። አባቷ ስልክ መነካካት አይሆንለትም። ሐሳብ ግን አያልቅበትም። ጠዋት ጠዋት ስልኳን አፉ ላይ ትይዝለታለች፤ እሱ ይናገራል፤ እሷ ወደ ሰፈሩ ግሩፕ ትልካለች።

"ሰፈርተኞች፣ እንደምን አደራችሁ። ራስማኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሐሳቤን ልሰጥ ነው፣" ይላል ሁልጊዜ። አንድ ቀን ስለ ኢንተርኔት ካርድ ያወራል፦ "ስሞላው ይገባል፣ ሳልነካው ይወጣል፤ የጎረቤት ዶሮ ነው የሸጡልኝ።" ሌላ ቀን ስለ ፖለቲካ፦ "አገር መምራት የሚያውቀው ሁሉ ስልክ ላይ ነው። እርሻ ላይ ሄጄ ብፈልግ አንድም የለም።" ሲጨርስ ላሲና ከአጠገቡ ስልኩን ይቀማና ይሰድበዋል። ሰፈሩ ከሁለቱም ይልቅ የሚጠብቀው ስድቡን ነበር።

የገበያው ነገር ሲመጣ ሁሉም አንወጣም አለ። ራስማኔ ብቻ እንዲህ አለ፦ "ሜዳው መጥፎ ነው። ግን የአሮጌውን ገበያ ሽቦ አይታችሁታል? አንድ ቀን ያነደናል። እንውጣና ወጥተን እንጩህ። የተቃጠለ ሰው አይጮህም።"

ላሲና ስልኩን ቀማው። "አትስሙት! ይህ አሽከሬ ትናንት አዲሱን ገበያ የሚሠራው ኮንትራክተር ቤት ሙሉ በግ በልቶ ነው የመጣው። ጢሙ ላይ ያለው ስብ ገና አልደረቀም። ሸጧችኋል!"

ራስማኔ እስኪያስለው ሳቀ። ራኪዬታም ሳቀች። እየሳቀች ላከችው።

አንድ ሰው ያን ድምፅ ቆርጦ ወደ ሌላ ሰፈር አሳለፈው። ሳቁ ተቆርጦ ቀረ፤ ስድቡ ብቻ ሄደ። የደረሳቸው ሰዎች ላሲናን አያውቁትም። የሚያውቁት ከገበያቸው መባረራቸውን ነው፤ ያባረራቸውን ሰው ስም ደግሞ እየፈለጉ ነበር። አገኙ።

ብስክሌት የሚያመጣ ሰው ቀነሰ። ከዚያ ቀረ። ሱቁ በር ላይ የተቃጠለ ዘይት ደፉበት። ባዶ የቀረው አሮጌ ገበያ በነፋሱ ወራት እውነትም ተቃጠለ፤ ሰውም "አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አብሯቸው ነበር" አለ። ራስማኔ ጠዋት መናገር ተወ።

"ባባ፣" አለው ሱማኢላ አንድ ቀን፣ "ድምፁ በማሽን የተሠራ ነው እንበል። አሁን የማንንም ድምፅ ይሠራሉ። ሁሉም ያምናል።"

"ድምፁ የላሲና ነው፣" አለ አባቱ። "ሰውዬው ቁጭ ብሎ እያየኝ ማሽን ነው አልለውም።"

ራኪዬታ ላሲና ቤት ሄደች። ቶ የሚባለውን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ እየበላ አገኘችው። እጅሽን ታጠቢና ብዪ አላት። አልተቀመጠችም።

"አጎቴ፣ አንዲት ቃል ነው የምለምንህ። ቀልድ ነበር በል። እኔ እልከዋለሁ።"

"ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ? ለቀልድ ዘመድ ማብራሪያ አይሰጥም። ስድቤን መልሼ ከወሰድኩ እኔና አባትሽ ባዳ ሆንን ማለት ነው። አያቶቻችን ያሰሩትን እኔ ልፍታው?"

"ሰው ሌባ እያለው ነው።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሌባ ስለው የት ነበሩ? ያልፋል። አባትሽ ራሱ ቢሰማሽ ይስቅብሻል።"

"እንግዲያው እኛ ቤት አትምጣ፣" አለችው። "ሱቁም ጋ አትምጣ።"

አልመጣም። ነገሩን ለአባቷ ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ላሲና ልክ ነው። ልትለምኚው አይገባም ነበር፣" አለ። ይህን ካለ በኋላ ግን ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ፣ ፊቱን ወደ ቁልፉ አዙሮ ይጠይቃት ጀመር።

"ላሲና ምንም አልላከም?"

"አልላከም፣ ባባ።"

"ኔትወርክ ይሆናል።"

በመጨረሻው ሳምንት አፉ ከተያዘ በኋላ እንኳ በዓይኑ ወደ ስልኳ ያመለክት ነበር። ራኪዬታ ራሷን ትነቀንቃለች። እሱ ዓይኑን ይከድናል።

አሁን ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ቃሬዛው ላይ ሆኗል። ኢማሙ ጸሎቱን ጨረሰ። ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ሱማኢላና የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመው ወደ በሩ አመሩ። ሴቶቹ እስከ በሩ ተከተሉ። የፊተኛው ተሸካሚ ድንገት ቆመ።

ላሲና ቶኤ ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ነበር። ብቻውን ነው የመጣው። ነጩ ጀለቢያው አቧራ ሆኗል።

"ማንም አያልፍም!" አለ። "ይህ አሽከሬ ሳያስፈቅደኝ ወዴት ነው የሚሄደው?"

በሌላ ለቅሶ ቢሆን ሴቶቹ ገና ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። ማንም አልሳቀም።

"ሰነፍ! የኔ ብስክሌት ጎማ ተንፍሶ ቆሟል፤ እንዳይሠራልኝ ብሎ ነው የሞተው!"

ቃሬዛው የተሸፈነበትን ጨርቅ ነፋሱ አነሳሳው። ላሲና ሌላ ስድብ ፈለገ። አጣ።

ሱማኢላ ቦታውን ለቆ ወጣ። ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። "ተነስ፣" አለው።

"ካሳዬን።"

"ካሳ? ጠያቂው አንተ ነህ?"

ቲፖኮ በክርኗ ገፋ አድርጋው ወደ ፊት ወጣች። ደንቡን ታውቃለች። "አንተ ሳሞ፣ ስንት ነው የመንገዱ ዋጋ?"

ላሲና ወደ ራኪዬታ አየ። "ገንዘብ አልፈልግም። የልጅቷን ስልክ።"

ራኪዬታ ምን እንዳሰበ ገባት።

"አሁን ነው?" አለች። "ባባ ማታ ማታ ይጠይቀኝ ነበር፣ አጎቴ። ላሲና ምን ላከ ይለኝ ነበር። ያኔ ስልኩ ይሠራ ነበር።"

"ይጠይቅ ነበር?"

"እስከ መጨረሻው።"

ሽማግሌው ይህን አያውቅም ነበር። በተጋደመበት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ኢማሙ ፀሐዩን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። ራኪዬታ አቧራው ላይ ተንበረከከች፤ ለአባቷ ትይዝለት እንደነበረው ስልኩን ለላሲና አፉ ላይ ያዘችለት።

"ሰፈርተኞች፣" ብሎ ጀመረ፣ "ይህ አሽከ..." አለና አቆመ። ተነፈሰ። "ላሲና ቶኤ ነኝ። ራስማኔ ዞንጎ የማንንም በግ አልበላም። ከማንም ፍራንክ አልተቀበለም። እኔ ያልኩት ውሸት ነው። ቀልድ ነበር ማለት ነበረብኝ፤ ሴት ልጁ ለምናኝ እምቢ አልኩ። ዛሬ ቀልድ ነበር ብል ማን ይመሰክርልኛል? የሚያውቀው እሱ ነበር። ስለዚህ ውሸት ነው በሉት። የገበያውም ነገር እሱ እንዳለው ሆነ። ይህን ቃል ለረጅም ጊዜ ዕዳ አድርጌ ይዤበታለሁ። ይኸው ከፈልኩ። ያንን ለሰሙ ሁሉ ይህንን አሰሙ።"

ራኪዬታ ላከችው። ከቃሬዛው ተሸካሚዎች ኪስ ውስጥ ስልኮች አንድ በአንድ ጮኹ። አንደኛው እጁን ወደ ኪሱ ሊሰድድ ብሎ ሬሳ መሸከሙ ትዝ አለውና ተወው። ሌላው አንገቱን ደፋ።

ላሲና አልተነሳም።

"አሁንስ ምን ቀረህ?" አለው ሱማኢላ። ድምፁ ግን ቅድም እንደነበረው አልነበረም።

"የቀረኝ የለም። ስድቤን በላሁት። ከእንግዲህ የማንም ሳሞ አይደለሁም፤ ባዳ ነኝ። ባዳ ደግሞ ሞሲን መንገድ አይዘጋም። ረግጣችሁኝ እለፉ።"

ሁሉም ራኪዬታን አየ። ይቅር ብዬሃለሁ ልትለው ትችላለች። ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይቅርታ የሚባለው ለባዳ ነው፤ ያን ቃል ካወጣችው ሽማግሌው ዛሬ ባዳ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ አባቷም ያለ ዘመድ ይወጣል። አባቷን አየች። ሱማኢላ የለቀቀው የቃሬዛው ጫፍ እንደዘመመ ነበር።

ከአቧራው ተነሳች። እንባዋን አልጠረገችም።

"ተነስ፣ አንተ የውሻ ጭንቅላት በሊታ!" አለችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ። "አሽከሬ ነው ስትል ኖረህ፣ ሌላ ሰው ሲሸከመው ተጋድመህ ታያለህ? ትከሻህን አስገባ!"

ቲፖኮ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ላሲና እጁን ዘረጋ። ሱማኢላ ጥቂት አየውና ጎትቶ አስነሳው፤ ሽማግሌውም የዘመመው ጫፍ ስር ገብቶ ቃሬዛውን አቃናው።