በካሹ ሥር ያለ ቋጠሮ

ሐጂራ ለጎረቤት ሰስታ አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ድሮ ቲማቲም ታበቅልበት በነበረው ማሳዋ የተከለቻቸው የካሹ ለውዝ ዛፎች ገና ፍሬ ሳይዙ አፈራቸው ለሰፈር ተርፎ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አምና አንዱን ችግኝ ነቅላ ብታየው ሥሩ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል። «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ማሾ የሚሉት ጥራጥሬ ሥሩ ሲቋጥር መሬት እንደሚያሰባ የይፋት ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ የማሾ አፈር ዝቆ አዲስ ማሳ ላይ መበተንም የቆየ ልማድ ነው። እሷም ከካሹዎቿ ሥር እየዛቀች ለጠየቃት በጆንያ፣ ላልጠየቃት በሳፋ አደለች። ደግነት ልጓም ካጣ እንዲህ ነው። ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ዘንድሮ ግን ዛፎቹ ውኃ እየጠጡ ይጠወልጉ ጀመር። ሐጂራ የእፅዋት በሽታ ባለሙያዋን ሶስናን አስጠራች።

ሶስና የአንዱን ካሹ ሥር ቆፍራ አጠበች፤ ከጎኑ ከተዘራው ማሾም አንዱን ነቀለች። ሁለቱን ሐጂራ መዳፍ ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ በአውራ ጣትዎ ይግፉት።»

የማሾው ቋጠሮ ወዲያው ተላቀቀ። የካሹው ንቅንቅ አላለም፤ ያበጠው ሥሩ ራሱ ነው። ሶስና በምላጭ ሰንጥቃ በማጉያ መነጽር አሳየቻት። ውስጡ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ ነጫጭ ነገሮች ተሰግስገዋል።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ትል ናት፤ ኔማቶድ። ሥሩ ውስጥ ተቀምጣ ትመጠዋለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ከድሮው ቲማቲም የተረፈች ትመስለኛለች። በአፈር ትሄዳለች፣ በውኃም፣ በዶማም። አንዴ የገባችበትን ማሳ አትለቅም። ከዚህ እፍኝ አፈር እንዳይወጣ!»

 አፈሯ የገባባቸው ማሳዎች በሐጂራ ዓይን ላይ ዞሩ፤ የሽንኩርቱ፣ የፓፓያው፣ የእህቷ የናጅዋ ጓሮ። አፈረች፤ ከእፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በለጠባት።

ይሄኔ የታችኛው ማሳ ጎረቤቷ ጋሼ ተሰማ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። ደስ ብሏቸዋል።

«ሐጂራ፣ እጅሽ ይባረክ! የቲማቲሜ ሥር ሁሉ ቋጠረ። አንድ ጆንያ ጨምሪልኝ።»

ሐጂራ የማሳው በር ላይ ቆመች። «አይግቡ፣ ጋሼ።»

«ምነው? ዛሬ ደግሞ አፈር ተሰሰተ?»

«የሰጠሁዎት በሽታ ነው! ቋጠሮው ትል ነው። ያለዎትን እንዳይነኩት፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!»

ሽማግሌው ሊስቁ ጀመሩ፤ የሶስናን ፊት ሲያዩ ግን ተዉት። ወደ አስፋልቱ ዞሩ።

«ጀውሃ ያሉት ዘመዶቼ ለምነውኝ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሰጠሽኝን አፈር ጠዋት በአይሱዙ ጫንኩላቸው እኮ። እስካሁን በትነውታል።»