የሜዳ አህያዋ የጠየቀችው ዋስ

ልጆቼ፣ በድሩን ታውቁት የለ? ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ ለየፎቁ በጋሪ ውሃ የሚያደርሰው፣ ያ የሞያሌ ሰው። ማክሰኞ ዕለት አህያው ሞተችበት። ረቡዕ ጠዋት ሲነሳ እሷ ትታሰርበት በነበረው ቦታ የሜዳ አህያ ቆማ አገኘ። በየት እንደገባች እንጃ፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።

«አላህ ምትክ ሰጠኝ» ብሎ ገመድ ወረወረ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አሳለፈችው። ደግሞ ወረወረ፤ ደግማ አሳለፈችው። እስከ ቀትር ውሃ ካላደረሰ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ባለጋሪ ሊሄዱበት ነው። ምን ያድርግ? ሽማግሌ ላከባት።

እኔና ሐጂ ጃፈር ሄድን። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሳይባል አይቀመጥምና ፊቷ ቆምን።

«እሜቴ፣» አልኳት፣ «በድሩ ሣርም ውሃም አያጓድልብሽም። እሺ በይና የጋሪው ቀንበር ውስጥ ግቢለት።»

የጋቢዬን ጫፍ ነክሳ ያዘች፤ አለቅም አለች። እንደያዘችም በጥሩ ስዋሂሊ መለሰች። የእኔ ስዋሂሊ ከገበያ አያልፍምና የበድሩ ሚስት ሰዲቃ አስተረጎመችልን።

«ከአንበሳ ስንሸሽ እናንተም ከጎናችን ትሸሹ ነበር ትላለች። ኋላ ጦር ይዛችሁ መጣችሁ። የዱሮ ጎረቤት ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ ትላለች።»

«ያለፈው አልፏል በያት» አለ ሐጂ ጃፈር።

«ካለፈማ ዋስ ጥሩ ትላለች።»

ተያየን። ዋስ መጠየቅ መብቷ ነው። ሐጂ ጃፈር፣ ኢስትሊ ሰፈር ላለው ባለሱቅ ለከሊድ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

«ሰው አልፈልግም ትላለች። በድሩ ቤት የሠራ፣ ባለአራት እግር ይምጣ።»

በድሩ መሬት መሬት አየ። «ሞታለች» አለ።

«በምን? ትላለች።»

«ዳገቱ ላይ። ሠላሳ ጀሪካን ጭኜባት።»

ያኔ ጋቢዬን ለቀቀች። «እንግዲህ ተቀመጡ፤ ደክሟችኋል» አለችን። ስለ ጋሪው አንድም ቃል አልጨመረችም።

እኛ ልንቀመጥ ስንል በድሩ ተነሣ። ከጋሪው ግማሹን ጀሪካን አወረደና ፊት ሆኖ ራሱ ጎተተ። ሽማግሌ ተልኮ ባዶ እጁን አይመለስምና እኛም ከኋላ ገፋን። ዳገቱ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ውሃው ግን ከቀትር በፊት ደረሰ።

የሜዳ አህያዋም እስከ ቲካ መንገድ ሸኘችን። አንድ ማታቱ የሚሉት የሚኒባስ ታክሲ ረዳት እንደ ልማዱ «ግቢ፣ ቦታ አለ!» ብሎ ጠራት። ወንበሩን አየች፣ የታጨቀውን ሰው አየች። ከዚያ በእግሯ ሄደች።