በሰው ትከሻ

አቶ ውባንተ በደብረ ታቦር ዳርቻ ያለውን ሜዳ አጥረው መዝናኛ ሲከፍቱ ለጄኔሬተሩ ቤት ሠሩለት፣ ለለስላሳው ሣጥን መጋዘን ሠሩለት፣ ለክብር እንግዳ ድንኳን ተከሉለት። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ግን ምንም አልሠሩም። ረስተውት ቢሆን አንድ ነገር ነው። አልረሱትም፤ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል ብለው ነው የተዉት። ይህንንም ሰዓዲያ ፊታቸው ተቀምጣ እየሰማቻቸው ሲናገሩት አላፈሩም።

ሰዓዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባለ ሦስት ጎማው የባትሪ ወንበሯ ልጇን ዙለይካን ይዛ ነበር የመጣችው። የገበያው ጎረምሳ ወንበሩን አይቶ "ባጃጇ መጣች" እያለ ያበሽቃታል፤ እሷም ስድብ አታጣለትም። ይዛት መጣች ይባል እንጂ የስምንት ዓመቷ ዙለይካ የምትከተላት ራቅ ብላ ነው፣ የማታውቃት ሰው ይመስል። ሰዓዲያ ይህን ታያለች፤ ያንገበግባታል፤ ግን ዋጥ አድርጋ ታልፈዋለች።

ምን ብላ ትቆጣ? ልጅቱን ገና ድክ ድክ ስትል ለእህቷ ለዘሀራ ትታ ጅዳ የሄደችው እሷ ናት። ዙለይካ "እማ" የምትለው ዘሀራን ነው። ሰዓዲያ ከጅዳ ስትደውል ከልጇ ጋር የምታወራው ነገር ያልቅባትና፣ ባሕሩ ዳር የቆመውን፣ ወንበር አንጠልጥሎ እንደ ትልቅ ጎማ የሚሽከረከረውን ዥዋዥዌ በስልኳ እየቀረጸች ትልክላት ነበር። አሠሪዎቿ ከልጆቻቸው ጋር ሲወጡበት እሷ ከታች ቦርሳቸውን ይዛ ትቆማለች። "ስመጣ አንቺና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንወጣለን" ትላት ነበር። ዙለይካም ከእናቷ ወሬ ሁሉ ያቺን ብቻ ያዘች።

ከዚያ ሰዓዲያ መስኮት ስትወለውል ከፎቅ ወደቀችና ወገቧ ተሰበረ፤ በዚህ ወንበር ላይ ሆና አገሯ ገባች። ያ ዥዋዥዌ ደግሞ፣ ጅዳ ካለው ቢያንስም፣ በራሱ ጊዜ ደብረ ታቦር ድረስ መጣላቸው። ሰዓዲያ ለልጇ ከገባችው ቃል ሁሉ ገና ያልታጠፈው ይኸ አንዱ ነው። እሱም ከታጠፈ እናትሽ ነኝ የምትልበት አፍ አይኖራትም።

ዥዋዥዌው የቆመው ከፍ ባለ የሲሚንቶ መድረክ ላይ ነው። በፊት በኩል ሰው የሚወጣበት ደረጃ አለው። በኋላ በኩል ደግሞ የለስላሳ ሣጥን በእጅ ጋሪ እየተገፋ የሚወጣበት፣ ደረጃ የሌለው ልስን ዳገት አለ። ሰዓዲያ ዞራ አየችው፤ ለወንበሯ በልክ የተሠራ ይመስላል። በዚያ ልውጣ ብላ ስትጠይቅ አቶ ውባንተ አይሆንም አሉ።

"እሱ የዕቃ መንገድ ነው። ሰውን እንደ ሣጥን በጓሮ አስገባ ተብሎ ስሜ ሊነሣ ነው?"

"እኔን ካልከፋኝ አንቱን ምን ከፋዎ?"

"እህቴ፣ ሰው ሞልቷል፤ አንሥተው ያወጡሻል። ይህ አገር መቼ ትከሻ ቸገረው?"

ሰውዬው ይህን ያሉት ከልባቸው ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ሰድቦ መገላገል ነበር። እሳቸው ግን ሰው ማንሣት ጽድቅ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። የሚነሣው ሰው የማን እጅ በብብቱ እንደሚገባ፣ ቀሚሱ እስከ የት እንደሚሰበሰብ፣ ማን ቁልቁል እያየ ከንፈሩን እንደሚመጥለት አስበውት አያውቁም። ሰዓዲያ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትንከራተት እንደ ጆንያ መነሣት አንገሽግሿታል። አልፈልግም፣ በዚያ ዳገት ካልሆነ ይቅርብኝ አለቻቸው።

ይህን ብላ ቀና ስትል የዥዋዥዌው ሠራተኛ ለካ ዙለይካን እጇን ይዞ ደረጃውን አውጥቷት፣ አንዱ ወንበር ላይ አስቀምጦ ብረቱን ዘግቶባታል። ከጎኗ አንድ ሰው የሚይዝ ባዶ ቦታ አለ። ልጅቱ ቁልቁል እናቷን ታያለች። ሰዓዲያ ትጠራኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልጠራቻትም። መዳፏን ብቻ ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋች፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት።

"እሺ" አለች ሰዓዲያ። "አንሡኝ።"

አቶ ውባንተ ደስታቸውን አልቻሉትም። ለድንገተኛ አደጋ ብለው የገዙት፣ ማንም ያልተኛበት ቃሬዛ ነበራቸውና እሱን አስመጡ፤ አራት ጎረምሶችም ጠሩ። ሰዓዲያ በላስቲክ ወንበር ይሁንልኝ ብትል ይሰበራል አሏት። እሺ ቁጭ ብዬ ልሂድ አለች፤ ትከሻቸው ላይ ሲያወጧት ሚዛኗን ስታ ተንጋለለች። ሻሿን በአንድ እጇ፣ የቃሬዛውን እንጨት በሌላ እጇ ይዛ ሰማይ ሰማይ ስታይ ቀረች። ወንበሯም ደረጃው ሥር ብቻውን ቆመ።

ደረጃው ላይ ሰልፈኛ ተጨናንቆ ነበር። ጎረምሶቹ መንገድ እስኪለቀቅላቸው ብለው ቃሬዛውን ወደ ሜዳው መለስ አደረጉት። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

የገበያ ቀን ነው። ከገሳይም ከአንበሳሜም የመጣው ገበሬ ይህ የሚሽከረከረው ምንድን ነው እያለ ሜዳውን ሞልቶታል። በዚህ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ማን ነው፣ ምን ነካው ብሎ አይጠይቅም። ዱላውን ይጥልና ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፤ የደከመውን ይተካል። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው በዚህ ነው። ደግ ልማድ ነው፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ያን ቀን ሰዓዲያን ያደረጋትን ግን ጠላትም አያደርጋትም።

አንዱ መጣና "አምጣ፣ ደክሞሃል" ብሎ የፊተኛውን ተካ። ሌላው መጣ፣ ሌላውም ደገመ። ጎረምሶቹ ከብዷቸው ኖሮ ዓይናቸውን ሳያሹ ለቀቁ። አራቱም ትከሻ ተቀየረ፤ ከአዲሶቹ መካከል ስለ ዥዋዥዌው የሰማ አንድም የለም። ቃሬዛ ከሆስፒታል ሌላ የት ይሄዳል? በአጥሩ በር ወጡና አስፋልቱን ይዘው ሮጡ።

ሰዓዲያ አውርዱኝ ብላ ጮኸች። አንድ የገሳይ ሽማግሌ ከጎኗ ሱክ ሱክ እያሉ "አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል። ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አሏት። እርጉዝ አይደለሁም ብላ ጮኸች። እሷ በጮኸች ቁጥር እነሱ ጠናባት እያሉ ፍጥነት ጨመሩ። አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ስታይ ዥዋዥዌው ተነሥቷል። ዙለይካ ከላይ ጫፉ ላይ ብቻዋን፣ ብረቱን ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራለች።

ሰዓዲያ በራስጌዋ በኩል ያለውን ተሸካሚ ጆሮ የያዘችው ይህን ስታይ ነው። የሰው ቤት ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው፤ ሰውዬው እስኪንበረከክ አልለቀቀችውም።

መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ አወረዷት። ሁሉም ላቡን እየጠረገ ከበባት። ሽማግሌው የቱ ጋ እንደሚያማት በርኅራኄ ጠየቋት። የትም አያመኝም፣ ዥዋዥዌ ልወጣ ነበር አለቻቸው። መጀመሪያ ያልሰሟት መሰላትና ደገመችላቸው።

"ጤነኛ ሆነሽ ነው ቃሬዛ ላይ የወጣሽ?" አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው ተለዋውጦ። "በራስሽ ታሟርቻለሽ?"

"እግሬ አይሄድም አባቴ። የምወጣበት መንገድ ነበረ፤ ከለከሉኝ።"

"እግርሽ ካልሄደ አርፈሽ ቤትሽ አትቀመጪም?"

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተነሣባት። ጆሮው የቀላው ሰውዬ አህያውን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደሮጠላት እየማለ አላገጠችብን አለ። ሌላው የአረብ አገር ቅብጠት ነው አለ። ሰዓዲያም አልተወችላቸውም። ማን ተሸከሙኝ አላችሁ አለች። ሬሳ እንኳ የት እንደሚቀበር ተጠይቆለት ነው የሚነሣው፤ እኔን ወዴት ነሽ ያለኝ አለ? አለች። በዚህ መሃል አቶ ውባንተ እያለከለኩ ደረሱና፣ ስማቸው እንዳይነሣ፣ አንሡኝ ያለችው ራሷ መሆኗን ለሰዉ ያስረዱ ጀመር። እውነታቸውን ነው፤ ብላለች። የሰዓዲያ እንባ መጣ፤ በነሱ ፊት ማልቀሷ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

ከኋላ የወንበሯ ጥሩንባ ተነፋ። ሰዉ ገለል ሲል ዙለይካ ከዥዋዥዌው ወርዳ፣ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ፣ ከበሩ ወደ አስፋልቱ ስትመጣ ታየች። ያን ወንበር በጣቷ እንኳ ነክታው የማታውቅ ልጅ ናት። ሰዓዲያ ፊት ደርሳ አቆመች። አልወረደችም።

ሰዓዲያ ክንዷን ዘርግታ ነይ፣ ተመልሰን አብረን እንወጣለን አለቻት።

"አልወጣም" አለች ዙለይካ። "ከላይ ሆኜ አየሁሽ። ጥለሽኝ ስትሄጂ።"

"እነሱ ናቸው የወሰዱኝ። እኔ የት እሄዳለሁ ልጄ? እግሬን እያየሽው።"

"አሁን ያለ እግርሽ ሄደሽ የለ?"

እስከዛሬ ሰዓዲያ፣ ልጅቱ በወንበሩ እያፈረች የምትርቃት ይመስላት ነበር። በወንበሩ አልነበረም። ነገ ደግሞ ትሄዳለች ብላ፣ ሳትሄድባት ቀድማ እየራቀቻት ኖሯል።

"ወላሂ አልሄድም በይ" አለች ዙለይካ። "ካላልሽ ወንበሩን አልሰጥሽም።"

ሰዓዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈር ላይ እንደተቀመጠች ማለች። ዙለይካ ድገሚው አለቻት፤ ደገመችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ሲሉ በእጇ አስቆመቻቸውና መጀመሪያ ይጠይቁኝ አለቻቸው። እሳቸውም እንደተኮሳተሩ ላንሣሽ ወይ አሉ። ክርኔን ብቻ ይያዙልኝ አለቻቸው፤ ያዙላት፤ በክንዷ ራሷን ጎትታ ከልጇ ኋላ ተቀመጠች።

አቶ ውባንተ "ተመለሱ፣ እንደፈለጋችሁ ትወጣላችሁ" እያሉ ተከተሏቸው። ዙለይካ ዘወር ብላም አላየቻቸው፤ መሪውን ወደ ቤት አዞረችው። ሰዓዲያም እጇን ከመሪው አራቀችና እንደፈለገች እንድትነዳ ተወቻት። ቤት ሲደርሱ ዙለይካ ወረደች፣ የወንበሩን ቁልፍ ነቀለችና ኪሷ ከተተችው። ሰዓዲያ መልሺልኝ አላለቻትም።