የመስኮቱ ዳር አልጋ

ወንድሟ ጎማ ጠጋኝ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «ጎማው» ነው የሚለው። መኪና ሲያነሳ ክሪኩ ተንሸራቶ እግሩን የሰበረው ጊዜ እናታቸው ሌላ ሆስፒታል እንውሰደው ብለው ነበር። እሷ ግን «እኔ እያለሁ?» አለች። በከተማው ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ናት፤ ዓይኗ ሥር ሆኖ እንዲድንላት ፈለገች።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። አየር ያገኛል ብላ የመስኮቱን ዳር አልጋ መረጠችለት። ገና ሰመመኑ በወጉ ሳይለቀው ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰው ጀመር። «ዶክተር፣ ጥገናውስ ይሁን፤ ንፋሱን ለክታችኋል?» ይላል።

አጠገቡ ጠያቂ የሌላቸው አንድ አዛውንት ተኝተዋል። የዳሌያቸው ቁስል መግል ይዟል። ለብቻቸው መተኛት ነበረባቸው፤ ባዶ ክፍል ግን ስላልተገኘ መጋረጃ ብቻ ተጋረደላቸው። ውሃ በጠማቸው ቁጥር ጎማው በክራንች ተደግፎ ያጠጣቸዋል፣ ትራሳቸውን ያቃናላቸዋል። አንድ ቀን እህቱ ደረሰችበት።

«እጅህን!» ብላ ጮኸች። «ስንቴ ልንገርህ? እሳቸውን ነክተህ መልሰህ የራስህን ፋሻ ታካለህ!»

«ሰውየው ውሃ ውሃ ሲሉ ጆሮዬን ልድፈን?»

«እኔን ጥራኛ!»

«አንቺን? የት አግኝቼሽ?»

ያ ሁሉ በሽተኛ የእሷና የአንዲት ባልደረባዋ ነበር። ቧንቧው ከደረቀ ሰነባብቷል፤ በበርሜል የሚመጣው ውሃ ለቀዶ ጥገና ክፍሉ እንኳ አይበቃም። የእጅ ማሻ አልኮል ከየትም ፈልጋ አልጋው ብረት ላይ አሰረችለት። ተመልሳ ስትመጣ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ጎማው ለክፍሉ አስታማሚ ሁሉ ሲያድል ውሏል። ምን ብላ ትቆጣው?

ከዚያ ጎማው መቀለድ ተወ። ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ። ፋሻውን ስትፈታ ገና ቁስሉን ሳታየው ሽታው ነገራት። የላቦራቶሪው ውጤት ከአዛውንቱ ጋር አንድ ሆነ፤ ሆስፒታሉ ካለው መድኃኒት አንዱም ጀርሙን የሚያጠፋ አልነበረም። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያት «ደሙ ውስጥ ሳይገባ እግሩን እንቁረጠው» አለ።

ቆረጡት። ግን ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

እናታቸው እጁን ሊይዙ ሲሉ ጓንት ዘረጋችላቸው።

«ልጄን በላስቲክ ልንካው?»

«እማ፣ ለሌሎቹ ስንል ነው።»

እናትየው ጓንቱን ወዲያ ጥለው በባዶ እጃቸው ግንባሩን ያዙ። አልከለከለቻቸውም። ጎማው ዓይኑን በግድ ገልጦ «ሽማግሌው ውሃ ጠጡ?» አላት። አዛውንቱ ካረፉ ሰንብተዋል።

«ጠጥተዋል» አለችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እሱም አረፈ።

ከሐዘን ተነስታ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ወንድሟ የተኛበትን ፍራሽ በክሎሪን ማሸት ነበር። የፍራሹ ልብስ ተቀዷል፤ ጫን ስትለው ከስፖንጁ ቢጫ ውሃ ወጣ። ከላይ ብታሸው ውስጡ እንደማይጸዳ ገባትና ወደ ኃላፊዋ ሄደች።

«ያ ፍራሽ ይቃጠል።»

«በምን ልተካው?»

«አልጋው ባዶ ይሁን።»

«ኮሪደር ላይ መሬት የተኛች ልጅ አለች፤ አጥንቷ ቆዳዋን በስቶ ወጥቷል። በይ አንቺው ንገሪያት!»

መንገሩ አልሆነላትም። ፍራሹን የምትሸፍንበት ላስቲክ ብትፈልግ አጣች። አንሶላ አነጠፈችበት። የልጅቷ አባት ልጁን አቅፎ መጣና ከአልጋው ዳር ቆመ።

«ንጹሕ ነው አይደል፣ እህቴ?»

ልጅቷ ታቃስታለች። ነርሷ ሰውየውን ማየት ስላቃታት አንሶላውን ወጠር ወጠር አደረገች።

«ከመሬቱ ይሻላል» አለችው። ከዚያም ልጅቷን አብረው አስተኟት።