እየዘለልን ያለፍናት ሴት

ታላቅየው እጁን ዘረጋ። ታናሽየው ከወንበሩ አልተነሣም።

ሻይ የምታድለው ጎረቤት ትሪዋን እንደያዘች መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ቀረች። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ኪስ ተመለሰ። ታላቅየው ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሻንጣውን በጉልበቶቹ መሐል አደረገው። የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው። እናቱ ታማ፣ ሞታ፣ ተቀብራ ካበቃ በኋላ ነው የደረሰው።

«እናት ቲኬት ቆራጭ፣» አለች አክስታቸው፣ በሹክሹክታ ግን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፤ «ትንሹ ልጅ መስታወት ቆራጭ፤ ትልቁ ደግሞ ዝምድና ቆራጭ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው።

ሟቿ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ ኖራለች። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሳሎናችሁ መሰላችሁ እንዴ!» ስትል ከኋላ እስከ ፊት ይሰማ ነበር። አብሯት የሠራው ጡረተኛ ሾፌር ዝምታው ስለከበደው ይሆናል፣ ስለ እሷ ማውራት ጀመረ።

«አንድም ቀን የሚሮጥ ሰው ትታ አልሄደችም፤» አለ። «‹ቁም! ሰው እየመጣ ነው!› ትለኛለች። ‹ኧረ ሰዓት ሄደብን!› ስላት ጣራውን በቡጢ ትደበድብብኛለች። ሰውየው ገብቶ እስኪቀመጥ ጥበቃ ነው።»

«ያልሮጠውንም ጠብቃለች፤» አለ ታናሽየው፣ ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

ታላቅየው ተነሥቶ ቆመ። ሻንጣው ወደቀ።

«መታመሟን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ስልክ የለህም?»

«በየደረስኩበት ወደብ ደውያለሁ! ‹ደህና ነኝ› ነው የምትለኝ። አንተ ግን አጠገቧ ነበርክ፤ በዐይንህ ታያት ነበር! አንዲት ቃል ምን ነበረበት?»

ታናሽየው አሁን ተነሣ። ሁለቱም ቁመታቸው የእናታቸው ነው፤ ረጃጅሞች ናቸው። ሾፌሩ መሐላቸው ሊገባ ሲል አክስትየው ቀደመችው። ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዛ እየገፋች ወደ ጓዳ አስገባቻቸው።

«ሰው ፊት አታዋርዷት። እዚህ ተበላሉ፤ ስትጨርሱ የተረፈው ይወጣል።» በሩን ዘጋችባቸው።

የእናታቸው መኝታ ክፍል ነው። ፍራሹ አንሶላ የለውም። መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረዋል። ከአልጋው ትይዩ ትንሿ ቴሌቪዥን አለች፤ ጎኗ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል።

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ አየው። «እኔ የላክሁት ነው?»

«እሱ ነው።»

«አይታው ነበር?»

ታናሽየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ከአልጋ መነሣት ካቃታት ጀምሮ በየቀኑ ‹የእናንተን ፊልም ክፈትልኝ› ትለኝ ነበር። እከፍትላትና እወጣለሁ።»

«ለምን ትወጣለህ? አብረን ያደግንበት ፊልም!»

«አንተ ስለላክኸው።»

እውነትም አብረውት አድገዋል። ጢማቸው ማቆጥቆጥ በጀመረበት ክረምት፣ ከጎረቤት በተዋሱት የቪዲዮ ዴክ፣ ካሴቱ እስኪሳሳ አይተውታል። አንድ የጠፈር መርከብ አብራሪ ከከዋክብት ወዲያ ይላካል፤ ፍንዳታ አለ፣ ተኩስ አለ፣ የሚናገር ማሽን አለ። ታላቅየው ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ «ሞተር አንድ! ሞተር ሁለት!» ሲል ሰፈሩ ይታወክ ነበር። አብራሪው ሁልጊዜ እሱ ነው። ታናሹ ማሽኑ ነው።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴትም ነበረች። ምድር ላይ፣ ሬዲዮ ፊት ተቀምጣ ከአብራሪው ጋር የምትነጋገር። እሷ በመጣች ቁጥር ልጆቹ ካሴቱን ወደፊት ያስሮጡታል። እናታቸው ከሥራ ገብታ፣ ያበጠ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ «ተዉአት እንጂ ትናገር! ምን አደረገቻችሁ?» ትላለች። «እማዬ ደግሞ! እሷ ወሬ ብቻ ናት!» ይሏታል።

ታላቅየው ሪሞቱን አነሣ።

«በለቅሶ ቤት?» አለ ታናሽየው።

«ድምፁን እቀንሰዋለሁ። ምን ስታይ እንደነበር ልወቅ።»

ታናሽየው በሩን አየ። አልወጣም። ፍራሹ ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

መርከቧ ጨለማውን ሰንጥቃ ብቅ አለች። ያኔ እስትንፋስ ታስቆማቸው የነበረች መርከብ የፕላስቲክ ሣጥን ሆናለች፤ የተንጠለጠለችበት ክር ሳይቀር ይታያል። «ክሩን አየኸው?» አለ ታላቅየው። ታናሽየውን ሳቅ አመለጠው። ታላቅየውንም አመለጠው። ወዲያው ሁለቱም እንደተያዘ ሌባ ፀጥ አሉ። ከሳሎን የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

ሬዲዮ የያዘችው ሴት መጣች። የታላቅየው አውራ ጣት፣ ሳያስበው፣ ወደፊት ማስሮጫዋን ሊጫን ሄደ።

ታናሽየው ተንጠራርቶ የእጁን አንጓ ጭምድድ አድርጎ ያዘው። «ተዋት።»

ተዋት። ለካ የፊልሙ እኩሌታ የእሷ ኖሯል። አብራሪው ሲተኩስና ሲያመልጥ እሷ እዚያው ወንበር ላይ ናት፤ ፊልሙ ወደ እሷ በተመለሰ ቁጥር ጠጉሯ ነጥቷል፣ ፊቷ ከስቷል። በኋላ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ መጣች። መዳፏን ማይክሮፎኑ ላይ ከድና ረጅም ሳል ሳለች። ከዚያ መዳፏን አነሣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ፈገግ ብላ ተናገረች።

ልጆች ሳሉ ቋንቋውን አንዳቸውም አያውቁትም ነበር። ታላቅየው መርከብ ላይ ለምዶታል።

«ምን አለችው?»

ታላቅየው ሪሞቱን ፍራሹ ላይ አስቀመጠ።

«ምን አለችው? ንገረኝ እንጂ!»

«‹እዚህ ሁሉም ደህና ነው› አለችው። ‹አንተ ሥራህን ጨርስ።›»

ታናሽየው አፉን በእጁ ከደነ። ስልክ ሲጮኽ እናቱ «ቀና አድርገኝ፣ ተኝቼ የማወራ እንዳይመስለው» ትለው የነበረው መጣበት። ትራስ ደራርቦ ያቀናት ነበር፤ አንዲት ጉንጭ ውኃ ጠጥታ «ሃሎ!» ስትል ድምፅዋ ያው አውቶቡስ ላይ የምትጮኽበት ነው።

«እሷ ናት አትንገረው ያለችኝ፤» አለ። «‹ባሕር ላይ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሥራውን ይጨርስ› ብላ አስማለችኝ። እኔም... አንተ ሳታውቅ ብትቀር ደስ ይለኝ ነበር። ተናድጄብህ ነበር።»

ታላቅየው ከስክሪኑ ዐይኑን አልነቀለም።

«ሳሏን እኮ ሰምቻለሁ፤» አለ ቀስ ብሎ። «ስልኩን በመዳፏ ስትይዘው ድምፁ እፍን ይላል። ትመለስና ‹ደህና ነኝ› ትለኛለች። ማመኑ ቀለለኝ።»

በሩ ተንኳኳ። «ኧረ ውጡ!» አለች አክስትየው። «የአውቶቡስ ሠራተኞቹ መጥተዋል፤ ቆመው ነው ያሉት!»

ፊልሙ አላለቀም። ታላቅየው ቴሌቪዥኗን አጠፋና ተነሣ። ታናሽየውም ዐይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ታላቅየው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አስቆመው። የታናሽየው ሸሚዝ ቁልፎቹ ተዛንፈው፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ሌላው ተንጠልጥሏል። ጧት ሲለብሰው «ተዛብቶብሃል» የሚለው ሰው አልነበረም።

ታላቅየው ሁሉንም ፈታቸው። ከዚያ የሞተር ጥቀርሻ በማይለቃቸው ወፋፍራም ጣቶቹ፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆልፍለት ጀመር። ታናሽየው እጆቹን ወደ ጎን ጥሎ፣ የላይኛዋ እስክትቆለፍ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ።