ከሁሉ ያነሰው ፋይል

ብርቱካን ፍላሹን ያወጣችው ከመሀረብ ፈትታ ነበር። ከኩዌት ለዕረፍት መጥታ፣ ወሩን ሙሉ የአባቷን የመሪጌታ አድማሱን አቋቋም ስትቀዳ ነው የከረመችው። ለዚሁ ብላ ጥሩ መቅጃ ይዛ መጥታለች። መሪጌታ ሲያዜሙ፣ በመቋሚያው ሲዘምሙ፣ ጸናጽሉን ሲመቱ፣ ሁሉም ፍላሹ ውስጥ አለ።

«ለተማሪዎቻቸው በየሚሞሪያቸው ጫኑላቸው» አለች። «አባቴ እየደከሙ ነው። ነገ አልችል ቢሉ ይህ ይተካቸዋል።»

የመጣችበት ሱቅ ባለቤት ቃለአብ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እንጠግናለን፤ መዝሙርና ፊልም እንጭናለን። እኔ የእሱ ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ከጉና ወርጄ ሁለት ዓመት የመሪጌታ ተማሪ ነበርሁ፤ ሰው ፊት አፌ አልከፈት ስላለኝ ተውሁት። ጆሮዬ ግን ተምሮ ቀርቷል።

ፋይሎቹ በጣም ትልልቅ ነበሩ። ተማሪዎቹ ደግሞ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ሚሞሪያቸውም ትንሽ ነው።

«እናወዳድራ!» አለ ቃለአብ። እንዲህ ያለ ሥራ ይወዳል። አንዱን የመረግድ ፋይል መረጠ። መረግድ ጸናጽሉና ከበሮው በዝግታ የሚገቡበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ዚፕ በሚባለው የፋይል ማሳነሻ ጨመቀው፤ ጥቂት ብቻ ቀነሰ። ራር በሚባለው ሞከረው፤ ትንሽ ተሻለ። ሰቨን ዚፕ ኮምፒውተሩን እስኪግል ድረስ አስጨንቆት ከራር ብዙም አልራቀም። ፍላክ የሚባለው የድምፅ ማሳነሻ ግማሽ ያህሉን ቀነሰ። በመጨረሻ ጥራቱን እስከ ታች ድረስ ዝቅ አድርጎ ኤምፒስሪ አደረገው። ያ ሁሉ ፋይል ፍርፋሪ አከለ።

«አያችሁ? ዝሆኑን ዝንብ አደረግሁት!»

«ፍላኩ ይሻላል» አልሁ ቀስ ብዬ። «ዚፑም ፍላኩም ሲፈታ ያው የነበረው ነው የሚመለሰው። ኤምፒስሪው ግን ጆሮ አይሰማውም ያለውን እየጣለ ነው የሚያንሰው። የጣለውን አይመልስም።»

«ፍላክ በባለ ቁልፍ ስልክ ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

«ዚፕስ?»

«እሱም አይከፈትም።»

«ታዲያ ተማሪው ፋይሉን ሊሳለመው ነው?»

ብርቱካን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ነበር።

«እንግዲያው ለተማሪዎቹ ኤምፒስሪው ይሁን፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ» አልሁ።

«ይቀመጣል፣ ይቀመጣል» አለ።

ብርቱካን ፍላሹን ትታልን፣ አደራ ብላን ሄደች። መቅጃውን ለሌላ ጊዜ ባዶ አድርጋ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ኩዌት ተመለሰች።

ፍላሹን በተወችልን ማግሥት ቃለአብ የስልክ ስክሪን እንዳመጣ አንበሳሜ ከተማ ላከኝ። ስመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀኝ። ሁሉንም ኤምፒስሪ አድርጎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ እሱኑ መልሶ ጭኖበታል። ኮምፒውተሩንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚያደርገው ጠርጎታል። የሱቃችን ልማድ ነው፤ ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ትልልቁ ይጠፋል፣ ትንሹ ይቀራል።

ማዳመጫ ሰክቼ መረግዱን ከፈትሁት። የመሪጌታ ድምፅ አለ። ከበሮውም አለ። ጸናጽሉ ግን የለም። በእሱ ፈንታ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ «ሽሽሽ» የሚል አንድ ሽሽታ ብቻ ይሰማል። መሪጌታ ጸናጽሉን ወደ ላይ ሲመቱት አንድ ድምፅ፣ ወደ ታች ሲመልሱት ሌላ ድምፅ ነበረው። በመካከሉ ደግሞ አጭር ዝምታ ነበረች። እግር የሚነሣው በዚያች ዝምታ ነው። እሷን ሽሽታው ሞልቷታል።

«ጸናጽሉን በላው» አልሁት።

«ምኑን በላው? ይኸው ይንሿሿል!»

«የሚፈለገው መንሿሿቱ አይደለም እኮ፤ አመታቱ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ተምረህ አንድ ቀን ሳታዜም ዛሬ መሪጌታ ሆንህ? የኔታ በሕይወት አሉ እኮ! የጎደለ ካለ ይሞሉታል። በነፃ ነው የጫንሁላቸው፤ ምርቃት እንጂ ወቀሳ አልጠብቅም።»

መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። የሆነውን ነግሬ «ደግመን እንቅዳዎት፣ የኔታ» አልኋቸው።

«ብርቱካን ስትመጣ፣ ልጄ፤ በእሷው መቅጃ» አሉኝ። «እስከዚያ እኔ አለሁ አይደል?»

ሰኔ ላይ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ። ቃልም ከአፋቸው አልወጣ አለ።

ክረምቱን ተማሪዎቹ ከስልካቸው ተማሩ። በጎጇቸው በር ባለፍሁ ቁጥር ያንን ሽሽታ እሰማው ነበር።

በነሐሴ ዐሥራ ሦስት፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ መሪጌታን በወንበር ተሸክመው ከሰልፉ ፊት አስቀመጧቸው። መረግዱ ተጀመረ። ተማሪዎቹ ጸናጽላቸውን አነሡ። አልመቱትም። ሳያቋርጡ፣ ልክ እንደ ፋይሉ፣ ነቀነቁት። አንዱ ከሌላው አልተሳሳተም፤ ሁሉም እኩል ነበሩ። እግራቸው ግን መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው አጥቶ፣ በቆሙበት ይወዛወዙ ነበር።

መሪጌታ ግራ እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸውን ወደ ሰልፉ ዘርግተው አቆሙት። «ተዉ» ማለታቸው ነበር። ሰልፉ እየባረኩት መሰለውና አጎነበሰ። እልልታው ቀለጠ። እጃቸው ደክሞ እስኪወድቅ ድረስ እልልታው አላቆመም።

ሲያበቃ የተማሪዎቹን መሪ ምሕረትአብን ለብቻው ጠራሁት።

«ይህ የየኔታ አመታት አይደለም» አልሁት።

ስልኩን አውጥቶ ከፈተልኝ። «የማን ድምፅ ነው?»

«የእሳቸው።»

«ታዲያ አንተ ከእሳቸው ትበልጣለህ?»

የእሱ አመታትና ፋይሉ አንድ ነበሩ፤ ሌላ ማወዳደሪያ አልነበረኝም።

ቃለአብ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾት ነበር። ደስ ብሎታል። «ቪዲዮው ከበደ» አለኝ። «አሳንሰህ ለብርቱካን ላክላት። ያቺ ትንሿ ፋይል ምን እንዳደረገች ትይ!»

አላሳነስሁትም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሙሉውን ላክሁት።

ብርቱካን አይታ ወዲያው ጻፈችልኝ። «ጸናጽሉ ምን ሆነ? ቪዲዮውን አሳነሳችሁት እንዴ? እባክህ፣ ዋናውን ላክልኝ።»

«ዋናው እሱ ነው» ብዬ መለስሁላት።